ከይርጋለም ወደ ኮቤ

ሐዋሳ ውስጥ የምትገኝ አንዲት ማኅበረ ምእመናን ለጃፓን የወንጌል ሥራ መዋጮ ማሰባሰብ ጀምራለች። የሚስዮን ክፍሉ ሰብሳቢ አንድ አንጋፋ ወንጌላዊ ናቸው። የአጥቢያዋ ልጅ የሆነችውና በኮቤ ከተማ የድኅረ ምረቃ ትምህርቷን ጨርሳ የተመለሰችው የውሃ መሐንዲስ ዕቅዱን አንብባ ልታነጋግራቸው መጥታለች። በንግግራቸው ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ወንጌላዊው፦ ዕቅዱን አየሽው?

መሐንዲሷ፦ አየሁት ጋሼ። ሃያ ሰው ለሁለት ሳምንት ቶኪዮ ይሄዳል፣ ጀማ ስርጭት ያካሂዳል፣ ትራክት ያድላል፣ ይመለሳል ይላል። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኔ ብሆን ይህን ቡድን አልልክም።

ወንጌላዊው፦ ምነው ልጄ? ወጣቶቹ እኮ ሸክሙ ይዟቸው እየጾሙ እየጸለዩ ነው። ከመቶ ሰው አንዱ ብቻ ክርስቶስን በሚያውቅበት አገር ላይ ዝም ማለት ይቻላል? እኛም ወንጌልን የሰማነው ባሕር ተሻግረው ከመጡ ሰዎች ነው። ዕዳ አለብን።

መሐንዲሷ፦ ዕዳው እውነት ነው። የምከራከረው ስለ አከፋፈሉ ነው። ይርጋለም የመጡት የኖርዌይ ሚሲዮናውያን ስንት ሳምንት ቆዩ?

ወንጌላዊው፦ የምን ሳምንት! ልጆቻቸውን እዚህ ነው ያሳደጉት። እ.ኤ.አ. በ1948 ሲመጡ ሐዋሳ ራሷ ገና ከተማ አልነበረችም፤ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ይርጋለም ነበረች። ሐኪም ሆነው አከሙ፣ መምህር ሆነው አስተማሩ። ወንጌሉንም ወደ ገጠሩ ያደረሱት ከጎናቸው በቆሙ የአገሬው ሰዎች ነው።

መሐንዲሷ፦ የላካቸው የኖርዌይ ሚስዮን ማኅበር የመጀመሪያ ሐሳብ ወደ እኛ መምጣት አልነበረም። በ1891 የተመሠረተው ለቻይና ነው። የቻይና በር ሲዘጋበት ሌላ መስክ ፈለገ፤ በ1948 ኢትዮጵያ ገባ፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ጃፓን። ጃፓን ውስጥ የተተከሉት እኔ በተማርኩበት ከተማ በኮቤ ነው። ዛሬም እዚያ ያለው የሉተራን ሴሚናሪ የእነሱ ሥራ ፍሬ ነው። ከድካማቸው የተገኘችው የምዕራብ ጃፓን ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን በ1962 በራሷ ስም ቆመች። ልብ ይበሉ ጋሼ፣ ላኪው ማኅበር አንድ ነው፣ ትምህርቱ አንድ ነው፣ የኖርዌይ እናቶች እየጸለዩ ያዋጡት ገንዘብም አንድ ነው። ዛሬ እነሱም ከሌሎች ጋር የደከሙባት ቤተ ክርስቲያናችን መካነ ኢየሱስ በራሷ ሪፖርት ከ10 ሚሊዮን በላይ ምእመናን አሏት። የኮቤዋ እህታችን ያሏት ጥቂት ሺህ ናቸው።

ወንጌላዊው፦ ይህን አላውቅም ነበር። ይርጋለምን ብቻ ነበር የማውቀው። እና የጃፓን ልብ ድንጋይ ነው ልትይኝ ነው?

መሐንዲሷ፦ እሱን አልልም። ኮቤ የሄዱት ይርጋለም ከመጡት በጸሎትም በትጋትም አያንሱም ነው የምለው። የፍሬው ብዛት የሠራተኛው ማዕረግ አይደለም። የእኛ ሰው ወደ ጃፓን ሲያስብ ግን ሳያውቀው ይህን ይረሳል። «እኛ አድገናል፣ እነሱ አላደጉም፣ ስለዚህ እናሳያቸው» የሚል መንፈስ ይዞ ይሄዳል። እዚያ ለሠላሳ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ታምኖ ያገለገለ መጋቢ አለ። አንዳንዱ ጡረታ ሊወጣ ይገባው የነበረ ሽማግሌ ነው፤ ተተኪ ስላላገኘ ሁለትና ሦስት አጥቢያ እየተመላለሰ ይጠብቃል። ሃያ ሰው ከበሮ ይዞ ሄዶ እሱን እድገት ሊያስተምረው? ይህን ሰው ልንሰማው እንጂ ልናስተምረው አይገባንም።

ወንጌላዊው፦ መሰማቱ ይሁን። ግን ምን ሆኖ ነው እንዲህ የጠበበው? ወንጌል ዘግይቶ ገብቶ ይሆን?

መሐንዲሷ፦ እንዲያውም ቀድሞ ነው የገባው። የካቶሊኩ ሚሲዮናዊ ፍራንሲስ ዣቪየር ነሐሴ 1549 ካጎሺማ ወረደ። ከስልሳ ዓመት በኋላ የአማኙ ቁጥር ወደ 300,000 ይደርስ እንደነበር ይገመታል። ከዚያ ገዢዎቹ ፈሩ። ከመስቀሉ ኋላ የስፔንና የፖርቱጋል መርከብ የሚከተል መሰላቸው። በ1597 ናጋሳኪ ላይ 26 ክርስቲያኖች ተሰቀሉ። በ1614 እምነቱ በመላ አገሪቱ ተከለከለ። ሕዝቡም የክርስቶስን ወይም የማርያምን ምስል በእግሩ እየረገጠ ክርስቲያን አለመሆኑን እንዲያረጋግጥ ይደረግ ነበር።

ወንጌላዊው፦ ቆይ ቆይ። ዘመኑ የአፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው!

መሐንዲሷ፦ በትክክል። ሱስንዮስ በ1622 የሮማን እምነት በይፋ ተቀበሉ፣ ደም ፈሰሰ፣ በ1632 መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ፋሲለደስ ኢየሱሳውያን የተባሉትን የካቶሊክ ሚሲዮናውያን አስወጡ። ጃፓንም በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ፖርቱጋሎችን አባርራ በሯን ዘጋች። ዣቪየርም የዚያው የኢየሱሳውያን ማኅበር ሰው ነበር።

ወንጌላዊው፦ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እንግዲያው ጃፓናዊው «የውጭ ሃይማኖት ነው» ብሎ ሲሸሽ እኛ ከማንም በላይ ሊገባን ይገባል። አባቶቻችን ከባዕድ የመጣ እምነት መንግሥትንም አገርንም ይወስዳል ብለው ፈርተዋል። እኛ ጴንጤዎቹም «መጤ» እየተባልን ነው ያደግነው። በደርግ ጊዜ ቤተ ክርስቲያናችን ሲታሸግ የቀረበብን ክስ የባዕድ ተላላኪነት ነበር። ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1979 ከመንገድ ታፍነው ተወስደው ተገደሉ፤ አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

መሐንዲሷ፦ እኛ የደረሰብን ትውልዱ ሳያልቅ አበቃ። እዚያ ግን ከ200 ዓመት በላይ ቆየ። በናጋሳኪ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች ካህን ሳይኖራቸው፣ መጽሐፍ ሳይኖራቸው፣ ራሳቸው እያጠመቁ፣ ጸሎቱን በቃል እያስተላለፉ ለሰባት ትውልድ ያህል ተሸሸጉ። በመጋቢት 1865 ናጋሳኪ ውስጥ ለውጭ ዜጎች በተሠራው የኦውራ ቤተ ክርስቲያን ጥቂት የኡራካሚ መንደር ሰዎች መጥተው እምነታቸው ከካህኑ እምነት ጋር አንድ መሆኑን ለአባ በርናር ፕቲዣን በሹክሹክታ ነገሯቸው። ሲገለጡም ምሕረት አላገኙም፤ ከ3,000 በላይ የኡራካሚ ሰዎች ከቀያቸው ተግዘው በመቶዎች የሚቆጠሩት በስደት ሞቱ። ክልከላው የተነሣው በ1873 ነው። ተመልሰው ትልቅ ካቴድራል ሠሩ። ነሐሴ 9 ቀን 1945 የአቶሚክ ቦምቡ የፈነዳው በዚያ ሰፈር አናት ላይ ነው። ከ12,000 የኡራካሚ ምእመናን 8,500 ያህሉ አለቁ። ቦምቡን የጣለው የክርስቲያን አገር ነው ጋሼ። ይህን ሁሉ ተሸክሞ ለቆመ ሕዝብ «ልቡ ደንዳና ነው» ማለት እኔ አልችልም።

ወንጌላዊው፦ እኔም ከዛሬ በኋላ አልልም። ግን ይህ የጥንት ነገር ነው፤ ዛሬ ያለው ወጣት ስለ 1614 አስቦ ነው የሚሸሸው?

መሐንዲሷ፦ አይደለም። ወጣቱ ሃይማኖትን ራሱን ይፈራል። በ1995 ኦም ሺንሪኪዮ የተባለ የሃይማኖት ቡድን በቶኪዮ የምድር ባቡር ውስጥ የመርዝ ጋዝ ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ «ና፣ የእምነት ስብሰባ አለን» ማለት ሰውን ያስበረግጋል። በሐምሌ 2022 የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ ሲገደሉ ገዳዩ እናቴ ንብረቷን ሁሉ ዩኒፊኬሽን ቤተ ክርስቲያን ለሚባል ድርጅት ሰጥታ ቤታችንን አፈረሰችው ብሎ ነው የተናገረው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሰውን አስጨንቆ መባ መሰብሰብን የሚከለክል ሕግ ወጣ፤ በመጋቢት 2025 ደግሞ የቶኪዮ ፍርድ ቤት ያ ድርጅት እንዲፈርስ ወሰነ። እንግዲህ በእኛ አገር አንዳንድ መድረክ ላይ የተለመደውን «ዘር ዝሩ፣ ይባዛላችኋል» የሚለውን ስብከት ይዞ እዚያ የሚቆም ሰው ወንጌሉን ሳይሆን ያንን ቁስል ነው የሚነካው። የሚላከው ሰው ከጃፓናዊ አንድ የን እንኳ የማይጠይቅ መሆን አለበት።

ወንጌላዊው፦ በዚህ አንከራከርም። እንዲያውም ያ ስብከት እዚህም ቢቀር ደስ ይለኛል።

መሐንዲሷ፦ ከሁሉ በላይ ሰውን የሚይዘው ግን የቤተሰቡ ነገር ነው። በየቤቱ የሙታን መታሰቢያ መሠዊያ አለ፤ የቤተሰብ መቃብር አለ። የበኩር ልጅ ከተጠመቀ ይህን ማን ይረከባል? የኮሌጅ ጓደኛዬ መጽሐፍ ቅዱስ ታነብ ነበር፣ ታምናለች ማለትም ይቻላል። «አባቴ ሲሞት ዕጣን የማላጨስ ልጅ ልሆን ነው?» ብላ ቆመች። እኔም መልስ አልነበረኝም።

ወንጌላዊው፦ ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሰው ጌታን ሲቀበል ከእድር የተሰረዘበት፣ ለሬሳው መሬት የተከለከለበት ጊዜ ስንቱን አይተናል። ሰው ከእምነቱ ይልቅ ከቀብሩ የተነሣ ሲመለስ አይቻለሁ። ያኔ ምን አደረግን? የራሳችንን መቃብር ገዛን፣ የራሳችንን እድር አቆምን፤ ጎረቤት ሲሞት ደግሞ ተጠርተንም ሳንጠራም ሄደን ድንኳን ተከልን፣ ተሸከምን። ቀስ በቀስ ሰዉ «እነዚህ ሰዎች ወገናቸውን አልጣሉም» አለ።

መሐንዲሷ፦ ጃፓን ውስጥም ብዙ አጥቢያዎች የጋራ መቃብር አላቸው፣ በዓመት አንድ ጊዜ እዚያ ተሰብስበው ያረፉትን ያስባሉ። አሁን እርስዎ የነገሩኝን ግን ከእኛ ሰው አፍ ቢሰሙት ብዙ ይጠቀማሉ። ከኖርዌይም ከአሜሪካም የሄደ ሰው ይህን በሕይወቱ አላለፈበትም።

ወንጌላዊው፦ እንግዲያው እኛ የምንሰጠው ነገር አለ ማለት ነው!

መሐንዲሷ፦ አለ፤ በሁለት ሳምንት ግን አይሰጥም። ቋንቋው ራሱ ሁለት የፊደል ገበታ አለው፤ በዚያ ላይ ጋዜጣ ለማንበብ የሚያስፈልጉት ከቻይና የመጡት ምልክቶች 2,136 ናቸው። ሚሲዮናውያን በአብዛኛው ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላ ሥራ ሳይሠሩ ቋንቋ ብቻ ይማራሉ፤ ከዚያ በኋላም ለመስበክ ገና ናቸው። የሩሲያው ኦርቶዶክስ መነኩሴ ኒኮላይ በ1861 ሃኮዳቴ ሲደርሱ መስበክ በሕግ የተከለከለ ነበር። ዓመታት ወስደው ቋንቋውን፣ ታሪኩን፣ የቡድሃን ትምህርት ሳይቀር ተማሩ። ሳዋቤ የሚባል ሰይፈኛ ሊገድላቸው መጣ፤ «የማታውቀውን ነገር ለምን ትጠላለህ? መጀመሪያ ስማኝ» አሉት። ያ ሰው በ1868 በድብቅ ተጠመቀ፣ ኋላም የመጀመሪያው ጃፓናዊ ኦርቶዶክስ ቄስ ሆነ። በሩሲያና ጃፓን ጦርነት ጊዜ ኒኮላይ ወደ አገራቸው አልሄዱም። ምእመናኑ ለገዛ አገራቸው ድል እንዲጸልዩ ፈቀዱ፣ እሳቸው ግን ሩሲያዊ ስለሆኑ ያን ጸሎት አልመሩም። በ1912 ሲያርፉ ከ30,000 በላይ ኦርቶዶክሳውያን ነበሩ።

ወንጌላዊው፦ ጃፓናዊው ክርስቲያን ሲሆን ጃፓናዊነቱን እንዳይተው አደረጉ። ጥሩ ነው። ግን አንድ ነገር ልበልሽ ልጄ፣ አንቺም ወደ ሌላው ጠርዝ እንዳትሄጂ። ቋንቋ ተማሩ፣ ጎረቤት ሁኑ፣ ታገሡ ትያለሽ። ይህ ሁሉ ተደርጎ አፍ ሳይከፈት ቢቀርስ? ኒኮላይ እኮ ሰይፍ ለያዘው ሰው «ስማኝ» ነው ያሉት፤ ቡና ጋብዘው ብቻ አልሸኙትም። ደግነት ብቻውን የክርስቶስን ስም አይናገርም።

መሐንዲሷ፦ ልክ ነዎት። እዚያ ሳለሁ ራሴን ብዙ ጊዜ በጨዋነት ሸሽጌያለሁ።

ወንጌላዊው፦ እየወቀስኩሽ አይደለም። መካነ ኢየሱስ በ1972 ለዓለም አቀፍ አጋሮቿ የጻፈችው ደብዳቤ የሰውን ሥጋና ነፍስ አትለያዩ የሚል ነበር። ያኔ የውጭ ረጂዎች ለልማት ገንዘብ ይሰጣሉ፣ ለስብከቱ ግን አይሰጡም ነበርና ነው። ጃፓን ላይ ደግሞ ረሃብ የለም፣ ሐኪም ሞልቷል፤ ምን ይዘን እንቅረብ?

መሐንዲሷ፦ ብቸኝነት አለ። መንግሥት በ2021 ለብቸኝነት ጉዳይ ሚኒስትር ሾሟል። ሰው ቤቱ ሞቶ ከሳምንታት በኋላ የሚገኝበት አገር ነው። ክፍሉን ዘግቶ ለዓመታት የማይወጣ ወጣት አለ። ኮቤ ውስጥ ካጋዋ ቶዮሂኮ የሚባል ጃፓናዊ ክርስቲያን በ1909 ድሆች ሰፈር ገብቶ ከእነሱ ጋር ኖረ፤ በ1921 ያስጀመረው የሸማቾች ማኅበር ዛሬም ድረስ አለ፣ እኔም ሩዝ የምገዛው ከዚያ ነበር። ስሙን የሚያነሣው ክርስቲያኑ ብቻ አይደለም፤ ከተማው ሁሉ ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ሰው መጠየቅ ያውቅበታል። ለቅሶ መድረስ፣ የታመመ መጎብኘት፣ ሳይቸኩል አብሮ መቀመጥ። ይህን በሹክሹክታ፣ ግድግዳው ስስ በሆነ አፓርታማ ውስጥ ማድረግ ይቻላል። የሌሊት ጸሎት በድምፅ ማጉያ ግን አይቻልም፤ ፖሊስ ይጠራል።

ወንጌላዊው፦ እሺ፣ ሌላው ጥያቄ። ምእመናን «ወገኖቻችን ተፈናቅለው እያለ ለሀብታም አገር ለምን እናዋጣለን?» ይላሉ። ምን ልበላቸው?

መሐንዲሷ፦ ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ለተፈናቃዩ የተመደበው አንድ ብር እንኳ ወደዚህ መዞር የለበትም። ነገር ግን በ1948 ኖርዌይ ራሷ ከጀርመን ወረራ ከወጣች ሦስት ዓመቷ ነበር። ቤታቸው ሳይጠገን ነው ይርጋለም የመጡት።

ወንጌላዊው፦ ይህን እነግራቸዋለሁ። እኔ ደግሞ ወላይታን እጨምርበታለሁ። በጣሊያን ጊዜ፣ በ1937፣ የኤስ አይ ኤም ሚሲዮናውያን ከሶዶ ሲወጡ የተጠመቁት 48 ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጉ አማኞች አገኙ። ሥራው የሰፋው ፈረንጁ በሌለበት፣ በአገሬው ሰው እጅ ነው። ስለዚህ ጃፓንን የሚያድን ኢትዮጵያዊ አይደለም። ብንሄድም ለጃፓናዊው አገልጋይ ክንድ ለመሆን ነው።

መሐንዲሷ፦ እንዲያ ከሆነማ ተግባባን። ታዲያ ገንዘቡ እንዴት ይሁን? የሃያ ሰው ትኬት ለአንድ ባልና ሚስት የቋንቋ ትምህርት ይውላል፤ ያም ቢሆን አይበቃም። ብራችን በተዳከመበት ጊዜ የጃፓንን ኑሮ አንድ አጥቢያ ብቻዋን አትችለውም። አምስት ስድስት ማኅበረ ምእመናን ተባብረው፣ በአንድ ቀን ስሜት ሳይሆን በየወሩ፣ ለአሥር ዓመት የሚዘልቅ ቃል መግባት አለባቸው። ሦስት ዓመት ከርሞ «ስንት ሰው ዳነ?» ብሎ ድጋፉን የሚያቋርጥ ካለ ከአሁኑ ባይገባበት ይሻላል።

ወንጌላዊው፦ ይህን በጽሑፍ እናስፍረው። ሪፖርት ሲመጣም ቁጥር እንዳንጠይቅ።

መሐንዲሷ፦ ሌላም አለ። እዚያ ቀድመው የሄዱ ወገኖቻችን አሉ። ቶኪዮ ውስጥ ካትሱሺካ በሚባለው ወረዳ ኢትዮጵያውያን ተሰባስበው ይኖራሉ፤ ብዙዎቹ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራሉ፣ የጥገኝነት ጉዳያቸው ለዓመታት የሚጓተትባቸውም አሉ። በጃፓን መንግሥት ነጻ የትምህርት ዕድል የሚሄዱ ተማሪዎችም በየዓመቱ አሉ። እኔ ስሄድ ከዚህ አጥቢያ የደወለልኝ ሰው ጥቂት ነበር። ተማሪው ሳይሄድ በፊት ብታዘጋጁት፣ እዚያ ካለ የጃፓናውያን አጥቢያ ጋር ብታገናኙት፣ የሐበሻ ኅብረት ብቻ ፈልጎ እንዳይቀር ብትመክሩት፣ ያለ ትኬት ወጪ ሰው ላካችሁ ማለት ነው። ነገር ግን ለትምህርት የሄደ በእውነት ይማር። ቪዛውን ሽፋን ማድረግ ውሸት ነው፤ ጃፓናዊ ደግሞ ውሸትን አይረሳም።

ወንጌላዊው፦ እዚህ ያሉት ጃፓናውያንስ? ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በጎ ፈቃደኞቻቸው ወደ አገራችን ሲመጡ ኖረዋል።

መሐንዲሷ፦ ቤት እንጥራቸው፣ በዓል አብረውን ይዋሉ። ስለ እምነታችን ከጠየቁ እንንገራቸው። ለምስክርነት መድረክ ላይ አናውጣቸው፤ ፎቶ አንስተን አንለጥፋቸው።

ወንጌላዊው፦ ለሽማግሌዎች ጉባኤ የማቀርበው እንዲህ ነው። የሁለት ሳምንቱ ጉዞ ቀርቷል። የተሰበሰበው መባ ለጊዜው ሳይነካ ይቀመጥ። ለኮቤዋ ቤተ ክርስቲያን ደብዳቤ እንጽፋለን፦ ከእናንተ ጋር በአንድ እጅ የተዘራን ነን፤ ሰው ትፈልጋላችሁ ወይ፣ ምን ዓይነት ሰው፣ ለስንት ጊዜ፣ በማን ሥር? እነሱ «አሁን አያስፈልገንም፣ ጸልዩልን» ካሉ እንጸልያለን እንጂ አንልክም። ወጣቶቹ ቅር ይላቸዋል፤ እኔ አነጋግራቸዋለሁ። ከመካከላቸው ጃፓንኛ ለመማር ከልቡ የሚቀመጥ ካለ አንቺ አስጀምሪው። ደብዳቤውን በጃፓንኛ አንቺ ጻፊ፣ እኔ እፈርምበታለሁ።